የታጠበው ሹራብ

ሰፈሩ እትዬ ካውያ ይላታል። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ እሷም በዚያ ስም ሲጠሯት ዞር የምትለው ዘግይታ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሰው ልብስ አጥባ፣ የሰው ልብስ ተኩሳ ነው የኖረችው። ንግግሯም እንደ ካውያዋ ያቃጥላል። «ቀስ በይ እንጂ፣ ትተኩሺናለሽ» ይሏታል። «የተጨማደደ ሰው ካልተተኮሰ በምን ይቃናል?» ትላለች።

ቤቷ የመንገድ ዳር ናት። ከፊት ደንበኛ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል፣ መሃል ላይ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ ከኋላ ደግሞ ማጠቢያ ማሽኖቹ የሚያጓሩበትና ገመድ የተዘረጋበት ጓሮ። አንደኛው ማሽን ሲሽከረከር ከቦታው እየተነሳ በር በሩን ስለሚል በድንጋይ አስደግፋዋለች። «እሱም እንደ ልጄ አገር ሊቀይር ነው» ትላለች። ባሏ በወጣትነቱ ሞቷል። አንዲት ልጇ አግብታ ሩቅ ከተማ ሄዳለች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች።

ሰውን የምታውቀው በልብሱ ነው። ማን ሲጋራ እንደተወና ማን ተደብቆ እንደጀመረ፣ ማን እንቅልፍ እንዳጣ፣ የማን ትዳር እንደቀዘቀዘ ኮሌታውና ኪሱ ይነግሯታል። አታወራም ግን። «የሰው ገመና በሳሙና ይታጠባል እንጂ በአፍ አይታጠብም» የምትል አነጋገር አለቻት።

ከበሩ ጀርባ አንድ ረጅም ብረት ከግድግዳ ግድግዳ ተዘርግቷል። ባለቤቶቻቸው ሳይመጡ የቀሩ ልብሶች የሚሰቀሉበት ነው። በላዩ በትልልቅ ፊደል «በጊዜው ያልተወሰደ ልብስ የቤቱ ይሆናል» የሚል ተጽፏል። ጽሑፉን ያስጻፈችው ሌሎች ቤቶች ሲያስጽፉ አይታ ነው እንጂ አንድም ቀን አልሠራችበትም። የሞተ ሰው ካፖርት እዚያ አለ። ሠርጓ የፈረሰባት ልጅ ነጭ ቀሚስ እዚያ አለ። ቅዝቃዜው ሲያልፍ አውርዳ ታናፍሳቸዋለች፤ ብል እንዳይበላቸው ታራግፋቸዋለች፤ መልሳ ትሰቅላቸዋለች።

«ሟቹ ሲመጣ እንዳይበርደው ነው?» ትላታለች ጎረቤቷ ዳቦ ሻጯ።

«ልጁ ይመጣ ይሆናል።»

«ልጁ እኮ አሁን ሆዱ ገፍቶ ያ ካፖርት ለአንድ እጁም አይበቃው!»

«አይብቃው። አደራ ነው።»

እንዲህ ያለች ሴት ናት። የሰው ንብረት ነክታ አታውቅም። ነገር ግን ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ለዳቦ ሻጯም አልተናገረችውም። እጇ የነካው ነገር ሁሉ ባለቤት አለው። ቆሽሾ ይመጣል፣ በእጇ ያምራል፣ ባለቤቱ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎት ይሄዳል። ወደዚያ ቤት ገብቶ የሚቀር ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ከተረሳ ልብስ በቀር።

ከመንገዱ ማዶ ሰዓት ሠሪው አሉ። ሱቃቸው ከቁም ሳጥን ብዙም አትሰፋም። አጉሊ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ በዘይት የጠቆረ ግራጫ ጋዋን ለብሰው፣ ቀኑን ሙሉ አቀርቅረው ይውላሉ። ትንባሆ ያጨሳሉ። ያን ጋዋን እትዬ ካውያ ባየችው ቁጥር እጇን ይበላታል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ያንን ነገር ይስጡኝና ልጠበው!»

«ይህ ከታጠበ ማን መሆኔን በምን አውቃለሁ?»

«አንድ ቀን በራሱ እግር መንገድ ተሻግሮ ይመጣል፤ ያኔ እንዳይቀየሙኝ።»

ደቂቃ የሚሏት ቡናማ ውሻ አለቻቸው። ቡችላ ሳለች ዝናብ ሲያሳድዳት «ለአንድ ደቂቃ ትጠለል» ብለው አስገቧት፤ በዚያው ቀረች። ሲሠሩ ጫማቸው ላይ ትቀመጣለች። እግራቸው ቢደነዝዝም አይነሱም።

እኚህ ሰው አንድ ቀን ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሕክምናው ልጃቸው ያለችበት ከተማ ነው። መኪና ውስጥ ከመጫናቸው በፊት ደቂቃን በገመድ አስይዘው፣ የምትበላበትን ሳህንና አዝራር ያለው አንድ አሮጌ ሹራብ አስመጥተው እትዬ ካውያን አስጠሩ።

«ለትንሽ ጊዜ ያዢልኝ። ቆሜ መራመድ ስችል እመጣለሁ።»

«ጋሼ፣ እኔ ውሻ አላውቅበትም።»

«ሰው ታውቂበታለሽ። ውሻ ከሰው ይቀላል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሹራቡን ግን አትጠቢው።»

«ይሄንን?» በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው። አንድ አዝራሩ የለም፤ ክርኑ በዘይት ደርቋል።

«ቆሻሻ ስታዪ እንደማያስችልሽ አውቃለሁ። ይህ ቆሻሻ አይደለም፣ ጠረኔ ነው። እሱ ላይ ትተኛ። እንዳትረሳኝ ነው። የሰማይ የምድር አደራ።»

«ምን ቸገረኝ፣ አላጥበውም» አለች።

ደቂቃ መጀመሪያ ሹራቡ ላይ ተቀምጣ በሩን ብቻ ታይ ነበር። ሰው በገባ ቁጥር ትነሳለች፤ ያልጠበቀችው ሰው ሲሆን ተመልሳ ትቀመጣለች። እትዬ ካውያ ልቧ ተነካ። እንጀራ ፍለጋ የወጣ ልጁን እንደሚጠብቅ ሰው ናት፣ አለች በሆዷ፤ እሷም እሁድን እንዲሁ ነው የምትጠብቀው።

ቀስ በቀስ ውሻዋ የመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ያለውን ሙቀት አወቀች። ቀጥላ የእትዬ ካውያን እግር አወቀች። የተተኮሰ ልብስ ለማድረስ ስትወጣ አብራት ትወጣለች፤ ዳቦ ሻጯ በር ላይ ቆም ብላ ቁራሽ ትቀበላለች። ሴትዮዋ ብቻዋን ማውራት የለመደች ነበረች፤ አሁን የሚሰማት አገኘች። «እይው ይሄንን ኮሌታ፣ ደቂቃዬ። ይሄ ሰውዬ አንገቱን ነው ወይስ ጎማ ነው የሚጠርግበት?» ደቂቃ ጭራዋን ትቆላለች። እትዬ ካውያ ትስቃለች። ዳቦ ሻጯ «ይህ ቤት ደግሞ መቼ ነው ሳቅ የተተከለበት?» አለች።

ሰዓት ሠሪው በየሳምንቱ ይደውሉ ነበር። «ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ» ይላሉ። ስልኩን ስታስጠጋላት ውሻዋ አንገቷን ታጣምማለች። ከዚያ ቁስላቸው አመረቀዘና እንደገና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። መደወሉም ቀረ። ብዙ ቆይቶ የደወለችው ልጃቸው ናት።

«አባባ ከእንግዲህ ብቻውን መኖር አይችልም። እዚሁ ከእኛ ጋር ይቀራል። ውሻዋን ወይ እዚያው ይያዟት፣ ወይ ለፈለገ ሰው ይስጧት።»

እትዬ ካውያ አፏ ላይ የመጣ ጥያቄ ነበር። አባትሽስ ምን አሉ? የሚል። ምላሷ ጫፍ ደረሰ፤ መለሰችው፤ ዋጠችው። የማትወደውን መልስ እንዳትሰማ ፈርታ ነው። «እሺ የኔ ልጅ» ብቻ አለች።

በማግሥቱ ደቂቃን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደቻት። ክትባት አስወጋቻት። «ባለቤት ማን ልበል?» ሲላት «እኔ» አለች። ቃሉ አፏ ውስጥ ጣፈጣት።

ሳይታሰብ ሰዓት ሠሪው ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኗል።

«እየተሻለኝ ነው፣ ካውያ። በምርኩዝ ጀምሬያለሁ። ደቂቃ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ ጋሼ።»

«ሹራቡስ?»

«እሱም አለ።»

ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሹራቡን ከውሻዋ ሥር ሳበችና ሳፋ ውስጥ ነከረችው።

ምክንያት ነበራት። ፀጉር በፀጉር ሆኗል፤ ደንበኛ አፍንጫውን መያዝ ጀምሯል፤ የንጹሕ ልብስ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ነውር ነው። ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያት እንደ ሳሙና አረፋ ነው፤ ትንሽ ሲያሹት ይበዛል። ውኃው ጠቆረ። ትንባሆውና የሰዓት ዘይቱ ከሙቁ ውኃ ጋር ተነስቶ አንድ ጊዜ ቤቱን ሞላው፤ ሽማግሌው ራሳቸው የገቡ ይመስል ነበር። ከዚያ ሄደ። ደቂቃ ሳፋው ውስጥ አፍንጫዋን አስገብታ አነጠሳት። እትዬ ካውያ ውኃውን ደፋች፣ ሌላ ቀዳች፣ ደግማ አሸችው። ሲደርቅ በልኩ ተኮሰችው። የጎደለውን አዝራር ፈልጋ፣ መሳዩን አግኝታ ተከለችለት።

መልሳ ብታነጥፍላት ውሻዋ አሸተተችው፤ አለፈችውና ሄዳ የእትዬ ካውያ ነጠላ ጫማ ላይ ተኛች። ሴትዮዋ ደስ አላት። ሹራቡን አጣጥፋ፣ በላስቲክ ሸፍና፣ ከበሩ ጀርባ ከሞተው ሰውዬ ካፖርት አጠገብ ሰቀለችው።

ሽማግሌው የመጡት በታክሲ ነው፤ ብቻቸውን። ልጃቸውን አስቀይመው እንደመጡ በኋላ ተሰማ። ከስተዋል። ሐኪም ትንባሆ ከልክሏቸዋል፤ ከሱቃቸው ከወጡ ወዲህም ዘይት አልነኩም። የመድኃኒት ሽታ ቀድሟቸው ገባ።

«ደቂቃ!» አሉ ከበሩ።

ውሻዋ ጮኸችባቸው።

ሳቁ። «ቂመኛ! አኩርፈሻል አይደል? ነይ፣ ነይ እቴ።» በምርኩዛቸው ተደግፈው በችግር ጎንበስ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ደቂቃ እያጉረመረመች ወደ ኋላ ሄደች፤ ከእትዬ ካውያ ቀሚስ ሥር ገባች። ሽማግሌው እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ሳቁ ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

መናገር ያኔ ነበር። እትዬ ካውያ ይህን ታውቃለች። «ሹራቡን አጥቤው ነው» ለማለት ምን ይፈጃል? እሷ ግን፦

«ለምዳለች እኮ፣ ጋሼ» አለች።

«ትመለሳለች። ልውሰዳትና ሲውል ሲያድር ትመለሳለች።»

«ወዴት ነው የሚወስዷት? በዚህ አቅምዎ? ልጅዎም እኮ ሰጥታኛለች።»

«ልጄ? የእኔን ውሻ?»

«ያዟት አለችኝ። እኔም አስከተብኳት፣ በስሜ ነው ያለችው።»

«አደራ ያልኩሽ እኔ ነኝ ወይስ ልጄ?»

መልስ ያጣ ሰው የማይሆን ነገር ይይዛል፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። «የቤቱም ደንብ አለ» አለች። «በጊዜው ያልተወሰደ…»

ሽማግሌው ጽሑፉን አነበቡ። ቀጥሎ ከሥሩ የተሰቀለውን ካፖርት አዩ። «ለሞተው ሰው ያልሠራ ደንብ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለእኔ ሠራ?» ምርኩዛቸውን አስተካክለው ወጡ።

ዳቦ ሻጯ ወሬውን ስትሰማ ወገቧን ይዛ መጣች። «እንዳትሰጫቸው! ዝናብም ፀሐይም ሳትዪ የተንከባከብሻት አንቺ ነሽ። ደግሞ እንስሳ ልቡ የሚያውቀውን ያውቃል። ጮኸችባቸው እኮ!»

«ጮኸችባቸው» አለች እትዬ ካውያ፣ ካውያውን ከልብሱ ላይ ሳታነሳ።

«ታዲያ! ከዚህ በላይ ምስክር አለ?»

እትዬ ካውያ ምስክሩን ማን እንዳጠበው ታውቃለች።

ሰዓት ሠሪው ከሰሷት። በቀጠሮው ቀን ደቂቃን በገመድ ይዛ ሄደች። ዳቦ ሻጯ «የእሳቸውን ዕቃ ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፤ አደራ በላ እንዳይሉሽ» ስላለቻት ሳህኑንና ሹራቡን ይዛለች። ችሎቱ ተራ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛ፣ የሚንቋቋ አግዳሚ ወንበር፣ የማይከፈት መስኮት። ዳኛዋ መነጽር ያደረገች ጎልማሳ ሴት ናት። እትዬ ካውያ በዚያ ጭንቀቷ እንኳ የዳኛዋ ካባ እጅጌው ላይ ያለአግባብ ድርብ መስመር እንደተተኮሰ ሳታይ አላለፈችም።

ሰዓት ሠሪው የሆነውን በአጭሩ ተናገሩ። ዳኛዋ ወደ እትዬ ካውያ ዞረች።

«እርስዎስ በምንድን ነው የእኔ ናት የሚሉት?»

«ልጃቸው ያዟት ብላኛለች፣ ክብርት ዳኛ። እኔም አበላሁ፣ አሳከምኩ። ቤቴም ደንብ አለው፤ በጊዜው ያልተወሰደ ልብስ…»

«ልብስ?»

«የልብስ ቤት ነው ያለኝ።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም። «በዚህ ደንብ ስንት ጊዜ ሠርተዋል?»

እትዬ ካውያ አቀረቀረች። «አንድም ቀን።»

«እንግዲህ ሕጉን ልንገራችሁ» አለች ዳኛዋ። «አደራ የተቀበለ ሰው ጠባቂ ነው እንጂ ባለቤት አይሆንም፤ የቱንም ያህል ቢያበላ፣ በስሙ ቢያስከትብም። ያወጣውን ወጪ ይጠይቅ ይሆናል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ልጅም ያለ አባቷ ውክልና የአባቷን ንብረት መስጠት አትችልም። ሰውየው ራሱ ንብረቱን ጥሎ ከሄደ ግን ነገሩ ይለያል።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ብዙ ጊዜ ጠፍተዋል፣ አባቴ። ጥለዋት እንዳልሄዱ ምን ማሳያ አለዎት?»

«ሹራቤን ትቼላት ነበር» አሉ። «ሰው ለሚጥለው ውሻ ጠረኑን አንጥፎለት አይሄድም።»

«ሹራቡ አለ?»

እትዬ ካውያ ከቦርሳዋ አወጣችው። ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ዳኛዋ ተቀብላ ገለጥ አድርጋ አየችው፤ ንጹሕ፣ የተተኮሰ፣ አዝራሩ የሞላ።

«መቼም በጥሩ ሁኔታ ነው የጠበቁት» አለች። ምስጋና ነበር። እትዬ ካውያ በጥፊ የተመታች መሰላት።

ሹራቡ ለሽማግሌው ተሰጠ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ጣታቸው አዝራሮቹን አንድ በአንድ እየነካ ወርዶ የተተከለው አዝራር ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩዋት። በዚያ ዓይን ቁጣ ቢኖር በወደደችው፤ አልነበረም።

«ክብርት ዳኛ» አሉ፣ «ክሴን ትቻለሁ።»

«ለምን? ነገሩ እኮ ወደ እርስዎ ነው ያደላው።»

«ሕጉ ወደ እኔ ነው። ውሻዋ ግን አታውቀኝም። የማያውቀኝን ነፍስ አንገቱን በገመድ አስሬ አልጎትትም።» ሹራቡን አግዳሚው ላይ አስቀመጡት። ደቂቃን አላዩዋትም። ወጡ። ሹራቡን ከአግዳሚው አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችው እትዬ ካውያ ናት፤ ይዛው ተመለሰችና ከዚያው ብረት ላይ መልሳ ሰቀለችው።

ዳቦ ሻጯ በሩ ላይ ሆና አጨበጨበች። «አሸነፍሽ አሉ! ነይ ደቂቃዬ፣ ሙሉ ዳቦ ይገባሻል ዛሬ!»

ያሸነፈችው ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላት። ደቂቃ እግሯ ሥር ስትተኛ እግሯን ትሰበስባለች። ውሻዋ ቀና ብላ ታያታለች፤ ምን አጠፋሁ የምትል ትመስላለች። እትዬ ካውያ በሕይወቷ ያላደረገችውን አደረገች፤ የሰው ነጭ ሸሚዝ ላይ ካውያውን ረስታ ጀርባውን አቃጠለችው። የጭሱ ሽታ ሲነሳ ዳቦ ሻጯ ሮጣ መጣች።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴት?»

«ሹራቡን አጥቤው ነው» አለች እትዬ ካውያ። «አትጠቢ ብለውኝ፣ አውቄ ነው ያጠብኩት። እንድትረሳቸው።»

ዳቦ ሻጯ የተቃጠለውን ሸሚዝ ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። በኋላ «ባታጥቢውስ?» አለች፤ ልታጽናናት ነው። «ያን ያህል ጊዜ! ባታጥቢውም ትረሳቸው ነበር ይሆናል።»

«ይሆናል። እሱን እንግዲህ በምን አውቃለሁ? ማወቂያውን እኔው አጠብኩት።»

ካውያዋን ነቀለች። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ መንገዱን ተሻገረች።

ሽማግሌው ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው መኖሪያ ክፍላቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር። ግድግዳው ሰዓት በሰዓት ነው፤ ሁሉም ቆመዋል፣ እያንዳንዱ በየፊናው። ሲያዩዋት «ተቀመጪ» አሉ። አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ሹራቡን ረስቼ አይደለም ያጠብኩት።»

«አውቃለሁ።»

«አውቄ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። የረሳ ሰው አጥቦ ይወረውረዋል። አንቺ አዝራር ተከልሽበት። ንጹሕ እጅ እንዲህ አይተጋም።»

እትዬ ካውያ አለቀሰች። እንባዋን በሽርጧ ጠረገች፤ ሽርጡ የሳሙናና የተቃጠለ ሸሚዝ ሽታ አለው።

«ለምን ለዳኛዋ አልነገሯትም?»

«ምን ብዬ? ያቺ ሴት አሳዘነችኝ እንጂ አልጠላችኝም ብዬ?» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔም ብሆን ብቻውን የቀረ ሰው ምን እንደሚያደርግ አላጣሁትም። ግን አሞኛል፣ ካውያ። እንዳይመስልሽ። በጣም ነው ያመመኝ።»

ይህን መስማት ነበረባት፤ ሰማችው። ከዚያ እትዬ ካውያ በድንገት ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ያ ጋዋን የት አለ?»

«የቱ ጋዋን?»

«ያ እንኳን ውሻ ሰው የሚያስነጥሰው!»

ከብዙ ቀን በኋላ መጀመሪያ ፈገግ ያሉት ያኔ ነው። «ሱቁ ውስጥ፣ በሚስማሩ ላይ። ከወደቅሁ ወዲህ ማንም አልከፈተውም።»

ቁልፉን ተቀብላ ከፈተችው። የታፈነው አየር ፊቷ ላይ መጣ፤ ትንባሆ፣ የሰዓት ዘይት፣ አሮጌ ላብ። ያቺ ቆሻሻ ስታይ የማያስችላት ሴት በረጅሙ ተነፈሰች፤ እንደ ሽቶ ሳበችው። ጋዋኑን አውርዳ፣ ሳታራግፈው፣ አቧራው እንኳ እንዳይረግፍ በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ይዛ አለበሰቻቸው። የዘይት ጨርቃቸውን እጃቸው ላይ አሸችላቸው። ደግፋ ወደ ሱቁ ወስዳ ከጠረጴዛቸው ኋላ አስቀመጠቻቸውና ደቂቃን ልታመጣ ሄደች።

ውሻዋ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። አላጉረመረመችም፤ አልሮጠችም። አፍንጫዋ ብቻ ይሠራል። ሽማግሌው አልጠሯትም። አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ አቀርቅረው፣ አንዱን የቆመ ሰዓት ከፈቱ። ደቂቃ አንድ እርምጃ ገባች፤ ዞር ብላ እትዬ ካውያን አየች። እትዬ ካውያ ገመዱን ለቀቀችው። ውሻዋ የጋዋኑን ጫፍ አሸተተች፣ እጅጌውን አሸተተች፣ አሁንም ጫፉን አሸተተች። ከዚያ ዞራ ዞራ፣ የሽማግሌው ጫማ ላይ በመቀመጫዋ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ቀና አላሉም። መነጽሩ ውስጥ ውኃ ሞላ።

እትዬ ካውያ ቀስ ብላ ለመውጣት ስትል «ካውያ» አሉ።

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ሽርጥሽን ተይልኝ።»

«ምን ሊያደርግልዎ?»

«እሱ ላይ ትተኛለች። አንቺንም እንዳትረሳ።»

ሽርጧን ፈታች። ሳሙና አለበት፣ ጥላት አለበት፣ እንባዋም አለበት። እጇ በልማዱ «አጥቤው ላምጣልዎ» ሊል ተነሳ፤ እሷ መለሰችው። እንዳለ ሰጠቻቸው።

ደቂቃ ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ መንገዱን እየተሻገረች ትመጣለች፤ የመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ትንሽ ትሞቅና ትመለሳለች። እትዬ ካውያ ስትመጣ በሩን ትከፍትላታለች፤ ስትሄድም አትጠራትም። ከግድግዳው ላይ ጽሑፉን አስጠፍታዋለች። ሹራቡን ግን ሽማግሌው አልወሰዱትም። ይውሰዱት ብትላቸው «ይቆይ» ይላሉ፤ በክፋት አይደለም፣ አንድ ጊዜ የታጠበ ነገር ለእሳቸው ምን ይሠራል? ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው።

«ይሄ ቆንጆ ሹራብ ደግሞ የማን ነው?» ይላታል አዲስ ደንበኛ፤ ዋጋ ሊጠይቅ።

«የሰው ነው» ትላለች፣ ካውያዋን ሳታቆም። ቀና ብላም አታየውም።